ንጹሕ ሆኖ የተመለሰው ጨርቅ

ጨርቁን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ያጠፍኩትም እኔ ነኝ፤ አንዴ በርዝመቱ፣ አንዴ በወርዱ፣ ከዚያ ጫፉን ወደ ውስጥ። ሰኞ ጠዋት የዕቃ ክፍሉን መስኮት ስከፍት መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ዓርብ ማታ እንዳስቀመጥኩት። ፈታሁት፤ ነጭ ነው። አሸተትኩት፤ የልብስ ሳሙና ይሸታል።

መዝገቡ ግን «ቅዳሜ ሰኔ ሃያ አንድ፤ የኋላ መዝጊያ፣ ካቮ፣ ማጠፊያ፣ መቆለፊያ፤ ሁሉም ተፈትሿል» ይላል። ከሥሩ ፊርማ አለበት።

በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ ጨርቁን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁትና ደጋግሜ አየሁት። እንዲህ ሆኖ ሊመለስ አይችልም።

የምሠራው ኮልፌ ውስጥ፣ ከብረታ ብረት ሱቆቹ ጀርባ፣ ያረጁ የጦር ተሽከርካሪዎች በሚጠገኑበት አንድ ግቢ ነው። ወታደር አይደለሁም፤ ዕቃ አወጣለሁ፣ ዕቃ እመልሳለሁ፣ እጽፋለሁ። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ከግቢው የማይወጣ አንድ ብረት ለበስ ቆሟል። አዳዲስ ሾፌሮች ይማሩበታል። ከኋላው ሰፊ የብረት መዝጊያ አለው። የታችኛው ጫፉ በማጠፊያ ተይዟል፣ የላይኛው ጫፉ ደግሞ ካቮ በሚሉት የተገመደ የብረት ገመድ። ሲዘጋ ግድግዳ ነው፤ ወደ ኋላ ተዘርግቶ መሬት ሲነካ ወታደር የሚወጣበትና የሚገባበት መወጣጫ ይሆናል። አራት ጎረምሳ ተጋግዞ አያነሳውም።

ደንቡን ያስተማሩኝ አለቃችን ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የጦር መኪና ሲጠግኑ የኖሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ በኮንትራት የቀሩ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ብረት ለበሱ ጋ ወስደው አቆሙኝ።

«ስሚኝ ልጄ፣ ይኼ ነገር ወይ ጨርሶ ይዘጋና መቆለፊያው ይገባል፣ ወይ ጨርሶ መሬት ይነካል። መሃል ላይ በካቮ ብቻ አይንጠለጠልም። መንጠልጠል ካለበት ከሥሩ ካቫሌቶ ይግባ።» ካቫሌቶ ያሉት ባለ አራት እግሩን የብረት ድጋፍ ነው። «የሚያወርደው ሰው ከማውረዱ በፊት ከመቀመጫው ወርዶ ከኋላ ይዞራል፤ በዓይኑ ያያል። ሰው አለ ወይ ብሎ መጮህ አይበቃም። በራሱ ሐሳብ ተይዞ የማይመልስ ሰው አለ።»

«ካቮውስ ጋሼ?»

«ካቮ በባዶ እጅ አይነካም። ከሽቦዎቹ አንዱ ተበጥሶ ከሆነ መዳፍሽን ይሰነጥቀዋል። በነጭ ጨርቅ ጨብጠሽ ከላይ እስከ ታች ቀስ ብለሽ ትስቢያለሽ። የተበጠሰ ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። ከሌለ ጨርቁ ግራሶ ለቅልቆ ጠቁሮ ይወጣል።»

እንግዲህ ጨርቁ ወይ ተተልትሎ፣ ወይ ጠቁሮ ነው የሚመለሰው። ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መዝገቡ ላይ የፈረሙትም እሳቸው ናቸው።

ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ግን ክረምቱ ገብቷል። ክረምት ሲገባ መካኒኮቹ መዝጊያውን በግማሽ አውርደው ከሥሩ ይጠለላሉ። የዘይት ሣጥን ደርድረው፣ መሃል ላይ አንድ ትሪ አስቀምጠው ይበላሉ። ካቫሌቶው ቦታ ስለሚያጣብብባቸው ገለል ያደርጉታል። ከሁሉም ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚቀመጠው አንዱ ነው፤ ኮልፌ ተወልዶ ያደገ፣ ቀጭን፣ ምላሱ የማያርፍ መካኒክ። ዝናብ እንዳያገኘው ብሎ ጥጉን ይይዛል። ያ ካቮ ቢበጠስ ሌሎቹ ምናልባት ይዘላሉ። እሱ መውጫ የለውም።

ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ።

«ካቫሌቶውን መልስ» እለዋለሁ በመስኮቴ።

«የት ላስቀምጠው እማሆይ? ወጡ ላይ?» ነጠላዬ ከትከሻዬ ስለማይወርድ ያወጣልኝ ስም ነው፤ እማሆይ ሲል ደግሞ አንቱ ማለቱን አይረሳም።

«ሌላ ቦታ ብላ።»

«እሺ፣ እርስዎ ዝናቡን ያስቁሙልንና። ከላይ ካሉት ጋር የሚግባቡት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ሌሎቹ ይስቃሉ። እኔ መስኮቱን እዘጋለሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ለብቻዬ የሳቅኩበት ጊዜ አለ።

ጠርጣራ መሆኔን አልክድም። ከሞጣ ወጥቼ እዚህ ከመጣሁ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ቤቴል አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። ቁልፉን ዞሬ ሳልሞክር ከበሬ አልርቅም። ታክሲ ውስጥ ቦርሳዬ ጉልበቴ ላይ ነው። ጎረቤት የላከችልኝን ወጥ ጾም ይሁን ፍስክ ሳልጠይቅ አልቀምስም፤ ጠይቄም እንደገና አሸትታለሁ። እናቴ ስትደውል የመጨረሻ ቃሏ ሁልጊዜ «ሰው አትመኚ» ነው። ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ ቁጣና ሐሜት ይለዋወጣሉ፣ ጥርጣሬ ግን ከዝርዝሩ ወጥቶ አያውቅም።

ስለዚህ የዚያን ሰኞ ለራሴ «ተይ፣ ደግሞ ጀመረሽ» አልኩ። ግን እጄ መዝገቡን ወደ ኋላ እየገለጠ ነበር።

ግንቦት፤ ሃያ አንድ። ሚያዝያ፤ ሃያ አንድ። መጋቢት፤ ሃያ አንድ። የካቲትም፣ ጥርም። ፍተሻው በወር አንዴ ነው፣ ቀኑም ሁልጊዜ የእመቤታችን ቀን ነው። ሦስት ፊርማ ያስፈልገዋል፤ የአለቃው፣ የመካኒኩና የዕቃ ክፍሉ። የእኔ ቦታ ላይ በአለቃችን እጅ «ስለ ዕቃ ክፍል» ተብሎ ተፈርሟል። በማርያም ቀን ሥራ አልገባም። ስቀጠር የተስማማሁት እንደዚያ ነው፤ በምትኩ ሌሎች በማይሠሩበት የቅዳሜ ከሰዓት እሠራለሁ። ግቢው ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም።

ከእኔ በፊት የነበረውን ገለጥኩ። ሁልጊዜ ወር በገባ በዐሥራ አምስት ነው። እኔ ከገባሁ በሁለተኛው ወር ወደ ሃያ አንድ ዞሯል።

ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝና የግድግዳውን ካላንደር አወረድኩ። መጋቢት ሃያ አንድ እሑድ ነበር። እሑድ ግቢው ዝግ ነው፤ ዘበኛና ውሻ ብቻ ናቸው ያሉት። መዝገቡ ግን «ሁሉም ተፈትሿል» ይላል።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ የማየው ነገር ሁሉ ተለወጠብኝ። አለቃችን ከመካኒኩ ጋር ዝቅ ብለው ካወሩ ስለ እኔ ነው። መዝገቡን ስሰጣቸው ወረቀቱን ራቅ አድርገው ሲይዙት የሚደብቁኝ ነገር አለ። መካኒኩ በየጠዋቱ ከበር ተቀብሏቸው፣ እየቀለደ ክንዳቸውን ይዞ እስከ ወንበራቸው ሲሸኛቸው፣ እንዴት ተለማምጦ ይዟቸዋል አልኩ። እነዚህ ሰዎች ካቮውን ምን አድርገውታል? ጥሩውን አውጥተው አሮጌ አስገብተው ይሆን? ሥራ ትቼ የካቮውን ቀለም ከመስኮት ስመለከት የምውልበት ቀን ነበር።

አንድ ቀን አላስችል አለኝና ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ የመዝጊያው ፍተሻ ለምንድን ነው ሃያ አንድ ቀን የሚሆነው?»

መነጽራቸውን አወለቁና በሸሚዛቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። «ሥራ ቀለል የሚልበት ቀን ነው።»

«መጋቢት ላይ እሑድ ነበር።»

መጥረጉን አላቆሙም። «ልጄ፣ አንቺ በማርያም ቀን ሄደሽ ጸልዪልን። እኛ እንሠራለን።»

«ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ነው የመጣው።»

«እንግዲያው ሌላ ጨርቅ ተጠቅመው ይሆናል።»

ሌላ ጨርቅ ግቢው ውስጥ የለም። ጨርቅ የማወጣው እኔ ነኝ። ይህን አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም እንደማያምኑበት ከድምፃቸው ለየሁት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። በመጨረሻ «አባ፣ በማርያም ቀን ሥራ ቦታ ብገባ ምን ይሉኛል?» አልኳቸው።

«ለሥራ ነው?»

«ለማየት ነው።»

«ሰው እንዳይሞት ከሆነ ሂጂ፤ እመቤታችን አትቀየምሽም። ሰው ጠርጥረሽ፣ ጥርጣሬሽ ልክ ሆኖ ማየት አምሮሽ ከሆነ ግን ቤተ ክርስቲያን ብትቀመጪ ይሻልሻል። የትኛው እንደሆነ እኔ አላውቅልሽም።»

እኔም አላወቅኩትም። ሐምሌ ሃያ አንድ ሰኞ ዋለ። ቅዳሴ ቆምኩ፣ ጠበል ጠጣሁ፣ ከዚያ በነጠላዬ እንዳለሁ ወደ ታክሲ ተራ ወረድኩ። ከቤቴል አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ኮልፌ። ኮልፌ ስደርስ አራት ሰዓት ሆኗል፤ ዝናቡ ያካፋል። ዘበኛው ሲያየኝ ሰዓቱን ተመለከተ፣ ከዚያ የእኔን ፊት ተመለከተና ከፈተልኝ።

መጀመሪያ የዕቃ ክፍሉን ከፈትኩ። መዝገቡ የዛሬ ቀን ተጽፎበታል፤ «ሁሉም ተፈትሿል»። ቀለሙ ገና አልደረቀም ማለት እችላለሁ። ጨርቁ ከጎኑ ነው፣ እንዳጠፍኩት። ቀና ስል መዝጊያው በግማሽ ወርዷል፣ ካቫሌቶው ግድግዳው ጋ ተጠግቷል። ከሥር ሦስት ሰዎች ሻይ በዳቦ እየበሉ ነው። ጥጉ ላይ እሱ።

ጨርቁን ይዤ በዝናቡ ውስጥ ሄድኩ።

«እማሆይ» አለ መካኒኩ፣ ዳቦው አፉ ውስጥ እንዳለ። «ዛሬ ማርያም አይደለች እንዴ? ወይስ ካላንደሩ ተሳስቶ ነው?»

«ውጡ።»

«ሻይ ላምጣልዎ?»

«ውጣ ነው የምልህ። ብርጭቆህን ተውና ውጣ።»

ሁለቱ ቶሎ ወጡ። እሱ ፊቴን አየና መቀለዱን ተወ፤ ጎንበስ ብሎ፣ ትከሻውን ከብረቱ እያሸሸ ወጣ። ካቫሌቶውን ብቻዬን ስጎትት አይቶ መጣና ተቀበለኝ፤ ከመዝጊያው ሥር አስገብተን አቆምነው። ብቻዬን ላነሳው እንደማልችል ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

አለቃችን ድምፅ ሰምተው ከቢሮ ወጡ። ማን እንደሆንኩ ሊለዩ ይመስል ጥቂት ቆሙ። «ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ፍተሻው ሲደረግ ለማየት ነው የመጣሁት። በወረቀት ተጽፏል፣ አንድ ጊዜ ብቻ በዓይኔ ልየው። እንዳስተማሩኝ አድርገው ያሳዩኝ።»

ጨርቁን ዘረጋሁላቸው። ተቀበሉኝ። ወደ መዝጊያው ጠጋ አሉ፣ ጨርቁን በመዳፋቸው ላይ አመቻቹ፣ እጃቸውን ወደ ካቮው ሰደዱ። እጃቸው በካቮው ጎን አለፈና አየር ጨበጠ። መለሱት። እንደገና ሰደዱ፤ አሁን ደግሞ ከሚገባው በላይ ወደ ቀኝ። ካቮው ከፊታቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር።

መካኒኩ መሬት መሬቱን ያያል። ሌሎቹም እንደዚያው። ሁሉም ያውቁ ነበር። ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።

«ስጡኝ ጋሼ» አለ መካኒኩ፣ እንደዚያ ለስልሶ ሲናገር ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ። ጨርቁን ከእጃቸው ወሰደ። ተንጠራርቶ ካቮውን ከላይ ጨበጠና መሳብ ጀመረ። ጨርቁ እየጠቆረ ወረደ፣ ወረደ፣ ካቮው ካሩኮላ በሚሉት መዘውር ላይ የሚዞርበት ቦታ ሲደርስ ያዘው። ሳበው። ተተረተረ። ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደገና ያዘው። ሦስተኛው ቦታ ላይ ጨርቁ ቀርቶ ተንጠለጠለ።

መካኒኩ እጁን ሰበሰበና ቀና ብሎ ያንን ቦታ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ቀጥሎ ሻይ ብርጭቆው ያለበትን ጥግ ተመለከተ። ሻዩ ገና ይተናል።

«ጋሼ፣ ይይዛል» አለ።

«ስንት ቦታ?»

«ሦስት።»

አለቃችን ሣጥኑ ላይ ተቀመጡ። የዓይናቸው መሃሉ ጭጋግ እንደሆነባቸው፣ ዳር ዳሩን ብቻ እንደሚያዩ፣ ከዓመት በላይ እንደሆነው፣ እዚያው ሣጥኑ ላይ ሆነው ነገሩኝ። ሐኪም አይቷቸዋል። ቤታቸው ሲቀመጡ እንደሚሞቱ እንጂ እንደማያርፉ ነው የሚሰማቸው። አዲስ የመጣችው የዕቃ ክፍል ሴት ሁሉን ነገር አገላብጣ እንደምታይ ሲያውቁ ቀኑን እሷ ወደማትኖርበት አዞሩት። እኔን ሲጠቅሱ «እሷ» ነበር ያሉት፣ ከፊታቸው ቆሜ።

«አንተስ?» አልኩት መካኒኩን። «አንተ ታያለህ አይደል? ለምን አልሳብከውም? ጭንቅላትህ ነው ከሥሩ የነበረው።»

ጉንጩን አሸ። «እንዴት አድርጌ? እሳቸው ቆመው እኔ ጨርቁን ብቀበል፣ አያዩም ማለቴ አይደል? ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ዛሬ ሲሄዱ አየዋለሁ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ። ከዚያ ደግሞ...» እጁን አወራጨ። «ዝናብ መጣ።»

ይሉኝታ ነው። ሌባ ስፈልግ ከረምኩ፤ ያገኘሁት ይሉኝታ ነው። ሦስት ጤነኛ ሰዎች አንድ ሽማግሌ እንዳያፍሩ ብለው በየቀኑ ከተበጠሰ ብረት ሥር ዳቦ ቆርሰዋል።

መዝገቡን አመጣሁ። አለቃችን «እንዳየሽው ጻፊው» አሉኝ፤ ከዚህ ሌላ ምንም አልለመኑኝም። ስለ ዓይናቸው አልጻፍኩም። የጠዋቱን ጽሑፍ በአንድ መስመር ሰረዝኩና ከጎኑ፣ ካቮው ሦስት ቦታ መበጠሱን፣ እስኪቀየር ድረስ መዝጊያው ተዘግቶ እንዲቆለፍ፣ ከሥሩም ባለፉት ወራት ለዚህ ሥራ የወጣው ጨርቅ ንጹሕ ሆኖ መመለሱን ጻፍኩ። በራሴ ቦታ ላይ በራሴ እጅ ፈረምኩ። ያቺ የመጨረሻ መስመር ምን እንደምታደርግባቸው እያወቅኩ ነው የጻፍኳት።

ግቢውን የሚመሩት ሰው በማግሥቱ ጠሯቸው። አላባረሯቸውም፤ ከመፈረምና ከመፈተሽ ግን አንሥተው ለአዳዲሶቹ ሾፌሮች እንዲያስተምሩ አደረጓቸው። ፍልሰታን በሙሉ አላናገሩኝም። በመስኮቴ ሲያልፉ ሰላምታዬን በራሳቸው ንቅናቄ ብቻ ይመልሱልኛል፤ ድምፄ ከየት እንደመጣ ለይተው ነው እንጂ እኔን አይተውኝ አይደለም።

ፍልሰታ ሊፈታ ሲል ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። አባ ረስተውት አልነበረም። «ታዲያ የትኛው ሆነ?» አሉኝ።

«ጨርቁ ሲይዝ ደስ አለኝ አባ» አልኳቸው። «ሰውየው ከሥሩ እንደነበረ ያሰብኩት ቀጥዬ ነው። መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ።»

ስግደት ሰጡኝ። ቁጥሩን ለራሴ ልተወው፤ ጉልበቴ ግን ያውቀዋል።

ነሐሴ ሃያ አንድ ረቡዕ ነበር። ግቢውን የሚመሩት ሰው ቀኑን ወደ ዐሥራ አምስት እንመልሰው ብለውኝ ነበር፤ ይቅር አልኩ፤ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ። ስደርስ መዝጊያው በካቫሌቶ ተደግፏል፣ አዲሱ ካቮ ተወጥሯል። መካኒኩ ጨርቁን ይዞ ይጠብቀኛል። አለቃችን ከጎኑ ቆመዋል፣ አራት አዳዲስ ልጆች ከኋላቸው።

«ካሩኮላው ጋ ስትደርስ አትቸኩል» አሉት። «እዚያ ነው የሚደክመው። ድምፁን ስማው።»

መካኒኩ ቀስ ብሎ ሳበ። አልያዘም። ጨርቁን አጥፎ በሁለት እጁ አቀበለኝ፣ እንደ ጠበል።

ፈታሁት። ጠቁሯል። ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ አሸተትኩት፤ ከቆርቆሮው ተወስዶ የተቀባ አዲስ ግራሶ ይሁን ከካቮው የወጣ ለማወቅ። አዲሱ ግራሶ ቡናማ ነው፣ ካቮ ላይ የከረመው ግን የብረት ብናኝ ይይዛል። በጣቴ አሸሁት። ይሻክራል።

«እማሆይ፣ አሁንም?» አለ መካኒኩ።

«አሁንም» አልኩት።

አለቃችን ሳቁ፤ ከሐምሌ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። «ተዋት» አሉት። «ሌላ ጨርቅ ስጪው ልጄ፣ በሌላኛው ወገን ደግሞ ይሳብልሽ።»

ሌላ ጨርቅ ላመጣ ሄድኩ።